ፍሬሽ ወደ አርባ ምንጭ፦ ከሻንጣ እስከ መጀመሪያው ክላስ

ቀን 1፣ ሐሙስ፣ አዲስ አበባ

የዩኒቨርሲቲ ምደባው አርባ ምንጭ ብሎ ከወጣ ማግስት ጀምሮ ፍሬሽ፣ ማለትም አዲስ ገቢ ተማሪ፣ ባለበት ቤት ውስጥ ሁሉም መካሪ ነው። እናት ጋቢ ታጥፋለች፣ አያት ቆሎ ታስቆላለች፣ ጎረቤት ደግሞ "እዚያ እኮ ሙቀቱ አይጣል ነው" ትላለች። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ሻንጣው ግን አንድ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ገቢ በሚያወጡት ጥሪ ላይ ያለው ዝርዝር ከግቢ ግቢ እምብዛም አይለያይም። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ 3 በ4 ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ ሁሉም ከነኮፒው። ዝርዝሩ ለደብረ ብርሃንም ለአርባ ምንጭም አንድ ነው፤ አየሩ ግን ለየቅል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 አካባቢ ነው። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ቤት ተዉትና በስስ ተኩት፤ በተረፈው ቦታ አጎበር ይግባ። አርባ ምንጭ የወባ አገር ናት፤ አጎበር የሚታሰበው ከታመሙ በኋላ መሆን የለበትም።

ወረቀቱን በሦስት ክፈሉት። ዋናው ሰነድ በአንድ የፕላስቲክ ማኅደር፣ አምስት አምስት ኮፒ በሌላ ማኅደር፣ ስምንት ፎቶግራፍ ደግሞ በትንሽ ፖስታ። ከዚያ ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ በቴሌግራም ላኩ። ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ሳይሠራ ከቀረ ግን አንድ የጠፋች ትራንስክሪፕት ፍለጋ 500 ኪሎ ሜትር ያስመልሳል፤ ዋናውን የሚሰጠው የተማራችሁበት ትምህርት ቤት ብቻ ነውና።

ሁለት ጓጉንቸር ቁልፍ (አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለመጠባበቂያ)፣ ነጠላ ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ የእጅ ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ አንድ የማይለቅ እስክሪብቶ ለልብስ ምልክት። ባልዲና መጥረጊያ ከዚህ አትሸከሙ፤ እዚያው ይገዛል፣ ከዶርም ልጆች ጋር ተዋጥቶ።

አሁን ወደ ስንቁ። በሶ የግቢ ተማሪ ባለውለታ ነው፤ ሦስት ኪሎ ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል፣ ለጋስ ካልሆናችሁ። (ለጋስ ትሆናላችሁ፤ አራት ያዙ።) በአርባ ምንጭ ሙቀት ፌስታል ውስጥ የተቋጠረ በሶ ላብ ይይዝና ይሻግታል፣ ነቀዝም ይወዳጀዋል፤ ክዳኑ የሚጠብቅ ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ እቃ ያስፈልገዋል። ማንኪያ ሲገባ ደግሞ ደረቅ ይሁን። አበጣበጡ ቀላል ቢመስልም ፍሬሽ ሁሉ የሚስተው ቅደም ተከተል አለው። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መጀመሪያ እስከ እኩሌታው ውሃ ይገባል፣ ቀጥሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ቀጥሎ ስኳር ወይም ቁንጥር ጨው። ክዳኑ ተዘግቶ እስከ ሠላሳ እየተቆጠረ ይመታል፤ ከዚያ ነው ቀሪው ውሃ የሚጨመረው። በሶው ቀድሞ ከገባ ቂጡ ላይ እንደ ጭቃ ይጋገርና ምንም ቢመቱት አይላቀቅም። ሃይላንዱም እስኪሞላ ውሃ ከጠጣ መመቻ ቦታ ያጣል።

ቀን 2፣ ዓርብ፣ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ ያልፋል፤ ሌላው በሻሸመኔ ዞሮ ሶዶ ላይ ይገናኛል። የቡታጅራው ያጥራል። በሻሸመኔ በኩል ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የትኛውም ይሁን ጉዞው ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሻው ላይ መገኘት ነው። ትኬት ሲቆረጥ መስመሩንም ጠይቁ፤ ምሳ የሚበላበትና የሚደረስበት ሰዓት በዚያ ይወሰናል።

ሻንጣው ጣሪያ ላይ ወይም ከሥር ይጫናል፤ የወረቀቱ ማኅደር ግን ጉያ ውስጥ ነው። ጣሪያ ላይ የሚጫን ከሆነ ረዳቱ ሸራ ማልበሱን ዓይታችሁ ግቡ፤ ዝናብ ካገኘው ብርድ ልብሱ የዶርም የመጀመሪያ ሌሊት ላይ እርጥብ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሻንጣው ላይ ስምና ስልክ ጻፉ፤ ያን ቀን ያ አውቶቡስ የያዘው ተማሪ ነው፣ ተማሪ ሁሉ የሚገዛው ደግሞ ያንኑ ጥቁር ሻንጣ ነው። አንዱ የሌላውን ይዞ ወርዶ ማታ ሲከፍተው የማያውቀው ሰው ጋቢ ይወጣል።

በመስኮት በኩል መቀመጥ የፈለገ በግራ ይቀመጥ። ሶዶን ከዳሞታ ተራራ ሥር ትቶ ወደ ሁምቦ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ በየደቂቃው ይጨምራል፤ ሹራብ ይወልቃል፣ ቀጥሎ ጃኬት የነበረው ትራስ ይሆናል። ከዚያ በስተግራ አባያ ብቅ ይላል። ቀለሙ እንደ ሻይ በወተት ነው፤ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ነው ያን ቀይ ቡናማ መልክ የሰጠው። በቀኝ በኩል የጋሞ ተራሮች አብረው ይሄዳሉ። ምዕራብ አባያ ላይ መንገዱ በሙዝ ማሳ መካከል ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል። ለአብዛኛው ፍሬሽ ይህ ከቤተሰብ ውጭ የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ነው፤ "ደረስን" ማለት ምን እንደሆነ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

አመሻሽ ላይ ሲደረስ መናኸሪያው በተማሪ ተሞልቷል። በቅበላ ቀናት ነባር ተማሪዎች ለመቀበል ይወጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስም ቆሞ ይጠብቃል። ሻንጣ ተቀብሎ የሚሸከመው ሲኒየር ብር አይጠይቅም። አምናና ካቻምና እሱም እንዲሁ ተሸክመውለት ነው የገባው። ስማችሁን ንገሩት፣ ስሙን ጠይቁት፣ የየትኛው ዲፓርትመንት እንደሆነ ጠይቁት፤ ይህ ሰው ነገ የሬጅስትራርን በር የሚያሳያችሁ ነው።

ቀን 3፣ ቅዳሜ፣ ምዝገባ

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ግቢው አንድ አይደለም። ስለዚህ የቀኑ የመጀመሪያ ጥያቄ "የትኛው ግቢ?" ነው። ዋናው ግቢ ደርሶ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ "አንተ እኮ የሌላ ግቢ ነህ" መባል አለ። ጥሪው ላይ የፍሬሽማን መግቢያ ግቢ ተጽፏል፤ በዓይን ሳይሆን በጣት እየተከተላችሁ አንብቡት።

ግድግዳው ላይ የዶርም ምደባ ተለጥፏል። ከፊቱ አንድ መቶ ሰው፣ ሁሉም በጣቱ ስም እየፈለገ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው የሚወጣው። ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ኃይሉ በ"ኤች" እንደሚጀምር ይታወቃል፤ ዮሐንስ ግን በ"ዋይ" ነው ወይስ በ"ጄ"? ጸሐይስ በ"ቲ" ነው ወይስ በ"ኤስ"? መሐመድን ለመጻፍ ስንት መንገድ እንዳለ መሐመዶች ያውቁታል። ስሙን ያጣ ሰው ከመደንገጡ በፊት የ12ኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርዱን ያውጣ፤ ዝርዝሩ የተወሰደው ከዚያ ነውና አጻጻፉም የዚያው ነው። በስም ካልተገኘ በአባት ስም፣ በአባት ስም ካልተገኘ በመለያ ቁጥር።

በዚሁ ቀን የሚታይ ትልቅ ነገር አለ። የስሙ አጻጻፍ በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት አንድ፣ በ12ኛው ሌላ ከሆነ ለሬጅስትራር አሁኑኑ አሳዩ። አንዲት "ኢ" በ"አይ" ተተክታለች ብሎ መናቅ አይገባም፤ ዲግሪው ላይ የሚታተመው ይኸው ስም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ቅጽ የሚስተካከለው ነገር ለምረቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

ሰልፉ በተለምዶ እንዲህ ይሄዳል። የበር ፍተሻ፣ የሰነድ ማጣራት፣ ምዝገባ፣ ፎቶና መታወቂያ፣ የምግብ ካርድ፣ ከዚያ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ዘንድ ፍራሽና ቁልፍ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አንዱን ዘልሎ ወደ ቀጣዩ የሮጠ ከጀርባ ይጀምራል፤ መታወቂያ ሳይያዝ የምግብ ካርድ የለምና።

ፕሮክተሩ የሚያስፈርመው ወረቀት ላይ ቆም በሉ። ፍራሽ 1፣ ወንበር 1፣ ሎከር 1 ይላል። ፊርማው ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ የጎደለ ይከፈልበታል። ሳትፈርሙ ሎከሩን ክፈቱና ዝጉ፤ ማጠፊያው ተነቅሎ ከሆነ፣ ወንበሩ ሦስት እግር ከሆነ፣ የመስኮቱ መስታወት ከተሰነጠቀ እዚያው ወረቀቱ ላይ "ሎከር ማጠፊያ የለውም" ተብሎ ይጻፍ። ፕሮክተሮች በዚህ አይቆጡም፤ እንዲያውም እነሱም የሚጠየቁበት ንብረት ነው።

ዶርም ውስጥ አራት ወይም ስድስት ልጅ፣ ተደራራቢ አልጋ። ፍሬሽ ሁሉ ታችኛውን ይሽቀዳደማል። ታችኛው ለመውጣት ለመውረድ ይመቻል፣ ግን የሰፈሩ ሶፋ እሱ ነው፤ እንግዳ የሚቀመጠው፣ ካርታ የሚጫወተው፣ ቆሎ የሚያፈሰው እዚያ ላይ ነው። ላይኛው ይሞቃል፣ መብራቱም ዓይን ላይ ነው፤ በአንጻሩ አንሶላው የራስ ብቻ ነው። አጎበር የሚታሰረው ከአልጋ እግር ሳይሆን ከጣሪያና ከግድግዳ በአራት ገመድ ነው፤ ጫፉ ፍራሹ ሥር ይጠቀጠቃል። ተንጠልጥሎ የቀረ አጎበር ትንኝን አብሮ ያስተኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት ከአምስት አቅጣጫ የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ጋሞኛ፣ ሲዳምኛ። አንዱ የሚያንኮራፋ፣ አንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወል የሚሞላ። እዚያው ማታ ሦስት ነገር መነጋገር ይበቃል፤ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ማን በየትኛው ቀን ያጸዳል፣ ቁልፉ ሲጠፋ ማን ጋ ትርፍ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ለባልዲው፣ ለመጥረጊያውና ለአምፖሉ ያኔውኑ ይዋጣ።

ቀን 4፣ እሁድ፣ ከተማ

ልብስ በጠዋት ይታጠባል። በዚህ ፀሐይ ሸሚዝ ሳይውል ይደርቃል፤ ረስቶ ያዋለው ቀለሙን ያጣል። በማይለቀው እስክሪብቶ አንገትጌው ውስጥ ምልክት አድርጉ፤ ገመዱ የጋራ ነው፣ ነጭ ካልሲ ደግሞ ሁሉም አለው።

ከተማዋ ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሼቻ። ሼቻ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ላይ ይታያሉ፤ ቡናማው አባያ፣ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ። ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች ከሥር ካለው ደን ውስጥ ናቸው። ወደዚያ ሲወረድ ሙዝ በእጅ አይያዝም፤ ዝንጀሮ አይጠይቅም፣ ይቀማል። ምሳ ዓሣ ይሁን፤ ከደፈራችሁ ደግሞ ኩርኩፋ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሚሠራው የጋሞ ምግብ።

ቀን 5፣ ሰኞ፣ ክላስ

ከሁሉም በላይ ልጽፍበት የምፈልገው ይህን ቀን ነው።

እሁድ ማታ ዶርም ለዶርም አንድ ወሬ ይዞራል። "መጀመሪያ ሳምንት ክላስ የለም፣ መምህር አይመጣም።" አንዳንዱ መምህር እውነትም አይመጣም። የመጣው ግን በዚያ ቀን የሚያድለው ኮርስ አውትላይን ነው፤ የሴሚስተሩ ካርታ። ምዕራፎቹ፣ ማጣቀሻ መጽሐፉ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል። ለምሳሌ ኩዊዝ 10፣ አሳይንመንት 15፣ ሚድ 25፣ ፋይናል 50 የሚል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወረቀት ላይ የሚነበበው ትልቁ ነገር ከመቶው ግማሹ ፋይናል ሳይመጣ እንደሚያልቅ ነው። ፋይናል ሲቃረብ ማንበብ የሚጀምር ልጅ የሚወዳደረው በቀረው 50 ነው።

አሁን የክፍሉን ሁኔታ ከመምህሩ ወገን እንየው። ስልሳ ተማሪ፣ አንድ ሰሌዳ፣ 50 ደቂቃ። መምህሩ በእንግሊዝኛ አስረድቶ ይዞርና "ጥያቄ አለ?" ይላል። ዝምታ። ደግሞ ይላል። ዝምታ። ገብቷቸዋል ብሎ ይቀጥላል። ክላስ ሲያልቅ በሩ ላይ ስምንት ልጆች ይከቡታል፤ ስምንቱም የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ሰሌዳው ላይ ከሁለተኛው መስመር ወደ ሦስተኛው እንዴት እንደተሄደ። ያን ጥያቄ አንዱ በአሥረኛው ደቂቃ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ ስልሳውም ቀሪውን አርባ ደቂቃ በተከታተሉ ነበር። መምህሩም በር ላይ ለስምንት ሰው የሰጠውን መልስ ለሃምሳ ሁለቱ መስጠት ይረሳል።

ለምን አይጠየቅም? የሚፈራው እንግሊዝኛው ነው። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጥያቄውን ያውቀዋል፤ ግን በአፉ ውስጥ ግሱን እያስተካከለ ሳለ መምህሩ ሌላ ገጽ ገልጧል። መድኃኒቱ ጥያቄውን አጭር ማድረግ ነው። ጣት ተነሥቶ መስመሩን ማመልከትና "ይቺ ከየት መጣች?" ማለት፣ በእንግሊዝኛም በሦስት ቃል ያልቃል። ደብተሩ ላይ ደግሞ ከገጹ በስተቀኝ ሦስት ጣት የሚያህል ኅዳግ ይሰመር፤ በስተግራ የመምህሩ እንግሊዝኛ፣ በኅዳጉ ላይ የራስ አማርኛ ወይም የራስ ቋንቋ፣ ያልገባው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት። ማታ ሲነበብ የሚታየው ምልክቱ ብቻ ነው፤ ሦስት ምልክት ካለ ሦስት ጥያቄ ነው ያለው፣ "ምንም አልገባኝም" የሚባለው ትልቅ ጨለማ የለም።

ስላይዱ በቴሌግራም ይመጣል ተብሎ ደብተር የማያወጣ ልጅም አለ። ስላይድ ላይ ያለው ርዕሱ ነው፤ ምሳሌው፣ "ይህ ፈተና ላይ ይመጣል" የተባለው፣ በሰሌዳ የተሠራው ስሌት ስላይድ ውስጥ የለም።

የቡድን አሳይንመንት ሲሰጥ ስድስት ስም አንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል፤ ሥራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የሚያድነው በተሰጠበት ቀን ከክፍሉ ሳይወጡ መከፋፈል ነው፤ ማን የትኛውን ክፍል፣ እስከ የትኛው ቀን፣ ማን ያትማል፣ የሕትመቱን ብር ማን ይዟል። የመታወቂያ ቁጥር ከስም ጎን ይጻፍ። ሁለት ተመሳሳይ ስም ባለበት ክፍል ቁጥር ያልተጻፈለት ልጅ ነጥቡን ፍለጋ የመምህሩን ቢሮ ይመላለሳል።

ቀን 6፣ ማክሰኞ፣ ካፌና ውል

ካፌ መግቢያው ላይ ቲከሩ ካርዱን ያያል፣ ምልክት ያደርጋል። ካርዱ ከተረሳ ፊት አይቶ አያሳልፍም፤ ሥራው ነው። በተከፈተበት ቅጽበት የሚሄድ ሰልፉን ያገኘዋል፣ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሚሄድ ወጥ ያጣል፤ መካከሉን ማግኘት በሳምንት ውስጥ ይለመዳል።

በዚሁ ሰሞን የሚፈረመው የወጪ መጋራት ውል ግን ሳይነበብ መፈረም የለበትም። ሥርዓቱ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ያኔ ሲጀመር ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ነበር የተደነገገው፤ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ በማያንስ መጠን። ካፌ የማይበላ፣ ነን ካፌ የሚባለው፣ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል። ምርጫው የሚገባው በምዝገባ ወቅት ነው፤ በኋላ ልለውጥ ማለት እስከሚቀጥለው ምዝገባ ሊያስጠብቅ ይችላል። የነን ካፌ ብር አንድ ላይ ሲመጣ ብዙ ይመስላል። ገንዘቡን ለሠላሳ አካፍላችሁ በቀን ስንት እንደሚደርስ ዕዩና ከግቢው ውጭ አንድ ሽሮ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ወስኑ።

ቀን 7፣ ረቡዕ፣ ስፔስ

ማታ ላይብረሪና ስፔስ (ተማሪ የሚያጠናበት ባዶ ክፍል) ይሞላል። ግቢ ለተማሪው ስም አውጥቷል። በጥረት የሚያጠና ቸካይ፣ ከፍተኛ ውጤት የሚያመጣው ሰቃይ፣ ትምህርቱን የተወው ጀዝባ። ፍሬሽ በመጀመሪያው ሳምንት ሰቃይ መሆን ይፈልግና የሚሠራው ግን የቸካይን ነው፤ ስድስት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሃንድአውት ያሰምራል። በየቀኑ የዕለቱን ደብተር አርባ ደቂቃ መድገም፣ በኅዳጉ ላይ ያሉትን የጥያቄ ምልክቶች ማጥፋት፣ ከዚያ የሒሳብ ጥያቄ ደብተር ሳያዩ መሥራት ይበልጣል። የተሠራ ምሳሌ ሲነበብ ሁሌም ቀላል ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ነጥቡ እንዴት እንደሚሰላ ገና ዛሬ ይታወቅ። አምስት ኮርስ፣ እያንዳንዱ 3 ክሬዲት ቢሆን፦ እንግሊዝኛ ቢ (3.0)፣ ሒሳብ ሲ (2.0)፣ ሳይኮሎጂ ኤ (4.0)፣ ሎጂክ ቢ (3.0)፣ ጂኦግራፊ ቢ ፕላስ (3.5)። እያንዳንዱን በ3 አባዝቶ መደመር፦ 9፣ 6፣ 12፣ 9 እና 10.5፣ ድምሩ 46.5። ለ15 ሲካፈል 3.10። ሒሳቡ ኤፍ ቢሆን ድምሩ 40.5 ይሆናል፣ ውጤቱም 2.70። አንድ ኮርስ 0.40 ወሰደ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 2.00 ያመጣ ልጅ ዓመቱን በ3.00 ለመጨረስ በተመሳሳይ ክሬዲት ሁለተኛውን በሙሉ 4.00 ማምጣት አለበት። ከፍሬሽማን በኋላ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ይህ ነጥብ ይታያልና ሒሳቡን የሚፈራው ልጅ መምህሩን በዚህ ሳምንት ይወቀው፤ በር ላይ የቢሮ ሰዓት ተለጥፏል፣ የሚገባበት ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዶርሙ ይንኳኳል። ዘግይቶ የመጣ ፍሬሽ፣ ሻንጣው ላይ የመንገድ አቧራ፣ ግንባሩ ላይ ላብ፣ በጉያው ወረቀት። ግድግዳው ላይ ስሜን አጣሁት ይላል። የሳምንት ነባሮቹ ወንበር ይስቡለታል፤ አንዱ ሃይላንዱን እስከ እኩሌታው ውሃ ይሞላና በሶውን ያወርዳል፣ ሌላው ይጠይቀዋል፦

"ማን ትባላለህ?"

"ኃይለ ማርያም።"

"በየትኛው ፊደል ፈለግከው?"